የተቆለፈው መዘውር

ሀዳነ ባዬ ግትር ሰው ነበር። ይህን የሚሉት የሚጠሉት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ሚስቱ እንኳየሁም ትለዋለች፤ እሱም ሲነግሩት ደስ ይለዋል። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ መንደር ብረት ቀጥቅጦ የሚኖር ቤተ እስራኤል ነው። ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይስላል፣ የዶለዶመ መጥረቢያ ያድሳል። የደምቢያውም የወገራውም ገበሬ ያለ እሱ እጅ መሬት አይጭርም። ግን ማረሻውን ተሸክሞ ዞር ከማለቱ “ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል” ይለዋል። እህላቸውን የሚያበቅሉበት ብረት ከማን እጅ እንደወጣ ልቡናቸው እያወቀ! ሀዳነ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። “ዓይኔ ሰው የሚበላ ቢሆን ኖሮ አንተን እስካሁን ምን አቆየህ?” ይላል፣ ፊት ለፊት።

ግትርነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አባቱ ባዬ ይኖር የነበረው ድብ ባሕር አጠገብ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ታመመች። በአገሩ ልማድ ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው የበላው ራሱ መጥቶ ሲተፋበት ነው ይባላልና፣ ባዬን ከቤቱ ጎትተው ወሰዱት። ባዬ የዋህ ሰው ነበር። “ይህ ሁሉ ጠብ ለአንዲት ምራቅ ነው?” አለና እትፍ አለባት። ልጅቱም ዳነች። ሳይተፋባትም ትድን ነበር፤ የያዛት ጉንፋን ነው። ባዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ አፉ ያመነ ቡዳ ሆኖ ቀረ። ጥጃ ሲሞት የሱ በር ይደበደባል። ላም ወተት ስትነሣ የሱ በር ይደበደባል። ሙሽራ በሚያልፍበት ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ ይነገረዋል። በመጨረሻ ጎጆውን አቃጠሉበት፤ ልጆቹን ይዞ ወደ ወለቃ ተሰደደ። ሀዳነ የጣሪያው ሣር ሲነድ ቆሞ አይቷል። እኔ ብሞት አልተፋም ብሎ በልቡ የማለው ያን ዕለት ነው።

ከዓመታት በኋላ ጣልያን ጎንደርን ያዘ። ከቀሃ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለወታደሩ ዱቄት የሚፈጭ የሞተር ወፍጮ ቤት ተሠራ። ብረት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ሀዳነን በወታደር አስይዘው አመጡት። የወፍጮ ቤቱ አለቃ ብሩኖ የሚባል መካኒክ ነበር፤ ቀይ አንገት፣ ቁጡ፣ ከኩርባጁ የማይለይ። በመጀመሪያው ሳምንት ቅዳሜ ሥራ ብሎ ቢያዝዘው ሀዳነ “ሰንበቴ ነው” ብሎ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ተገረፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜም አስቀመጠ፤ አሁንም ተገረፈ። ኋላ ብሩኖ ራሱ ሰለቸውና ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳላየ ሆነ። ሀዳነ ይህችን ድሉን ለወለቃ ሰዎች ሲያወራ ጀርባውን እያሳየ ነበር።

እንግዲህ ወፍጮው እንዲህ ነበር። ሞተሩ ውጭ፣ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። ከሞተሩ የሚመጣው ጠፍር፣ ቺንጋ የሚሉት፣ አንድ ትልቅ የብረት መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ደግሞ ድንጋዩን። ጣልያኖቹ ቸኩለው ስለነበር መዘውሩን መሬት ላይ በድንጋይ መሠረት ማቆም ሲገባቸው፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተጋደመ ረጅም የጥድ አግዳሚ ላይ አንጠለጠሉት። ከዚያው አግዳሚ ጋር የተያያዘ የሳንቃ ቆጥ አለ፤ የእህል ጆንያ ይደረደርበታል። ከቆጡ ሥር ሴቶች ተቀምጠው ዱቄት ይነፋሉ።

መዘውሩ ከአስመራ ሲመጣ ሊማሊሞ ላይ ከማኪና ወድቆ ጠርዙ ተሰብሮ ነበር። ሌላ ተላከ ቢባልም አርበኞች መንገዱን ስለዘጉት አዲ አርቃይ ላይ ቀረ። ስለዚህ ብሩኖ የተሰበረውን ጠግን ብሎ ሀዳነን አዘዘው። ሀዳነ ብረት አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ አጉብጦ፣ የጎደለውን ጠርዝ በወፍራም የብረት ሰሌዳ ሞላው። ሸጋ ሥራ ነበር። ሲጨርስ ግን መዘውሩን በጣቱ እየነካ በአስተርጓሚው በኩል ነገረው።

“ይኼኛው ጎን ከበደ። ከፊት ለፊቱም የዚህኑ ያህል ብረት ልጨምርበት። አለዚያ ሲዞር ይደልቃል፤ አግዳሚው አይችለውም።”

ብሩኖ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። አሳምሮ ገብቶታል፤ መካኒክ ነው፣ ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ነገር ግን ብረቱ ለምሽግ ተፈልጓል፤ ዱቄቱን ደግሞ ሠራዊቱ አሁኑኑ ነው የሚፈልገው። ሀዳነ ለመነው። እጁን ዘርግቶ ለመነው። “ባስታ!” አለ ብሩኖ፣ በቃ ማለቱ ነው፤ ሞተሩንም አስነሣ።

መዘውሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ደህና ነበር። ፈጠን ሲል ግን ከባዱ ጎን ወደ ላይ ሲወጣ አግዳሚውን ያነሣዋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይጎትተዋል፤ ያነሣዋል፣ ይጎትተዋል። በግንድ ድልድይ የተሻገረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እርምጃህ ከግንዱ መወዛወዝ ጋር የገጠመ እንደሆነ ግንዱ ወንዝ ሊጨምርህ ይደርሳል፤ ዘግየት ስትልለት ይተውሃል። ያም የጥድ አግዳሚ እንዲሁ የራሱ ልክ ነበረው። መዘውሩ ያቺ ፍጥነት ላይ የደረሰ ጊዜ ዱቄቱ ወለሉ ላይ ይዘላል፣ የግድግዳው ጭቃ ይረግፋል፣ የሰው ጥርስ ይንገጫገጫል። ብሩኖም ይህን ስላወቀ ከዚያች ፍጥነት በታች ነበር የሚያሠራው።

አንድ ቀን አንድ ሻለቃ መጥቶ ዱቄት አነሰ ብሎ ጮኸበት። ብሩኖ ፈራና ሞተሩን ለቀቀው። አግዳሚው አጓራ። የቆጡ ሳንቃ ሚስማሩን ነቅሎ ከነጆንያው ወረደና ከሥር ዱቄት የምትነፋውን አመለወርቅን ትከሻዋን መታት። አመለወርቅ የቁስቋም ልጅ ናት፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ሥራ የማትጠላ፣ ከወንድሟ ከሰጠኝ ጋር የምትኖር። እያቃሰተች በቃሬዛ ተወሰደች።

ሻለቃው “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ አፈጠጠ። ብሩኖ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዓይኑን በጨው ታጥቦ ወደ ሀዳነ ጠቆመ። ይህን ብረት የነካው እሱ ነው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ ክፉ ነው ይላል፣ አለ። ከአማርኛ “ቶሎ” እና “ዝም በል” ከማለት በቀር የማያውቅ ሰውዬ፣ ያን ቀን “ቡዳ” የምትለዋን ቃል ከየት እንዳመጣት እግዜር ይወቀው። ብቻ አጥርቶ ነበር የተናገራት። ሠራተኛውም ሰማ። በሌላው ነገር ሁሉ ውሸታም ነው የሚሉትን ጣልያን በዚህች ብቻ አመኑት።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ደብተራ ወልደኢየሱስን ጠሩ። ደብተራው ክታብ ጻፈ፤ ከጤና አዳምና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አድርጎ በቆርቆሮ ከተተው። የቡዳውን ዓይን ይቆልፈዋል ብሎም ከአሮጌ የግቢ በር የወረደ ትልቅ ጓጉንቸር፣ አንሥተው ሲይዙት እጅ የሚያዝል፣ ቀጭ አድርጎ ቆለፈና ከክታቡ ጋር በሽቦ መዘውሩ ላይ አሰረው። የት ላይ እንዳሰረው ልብ በሉ። ቡዳው በእጁ ከነካው ጥገና ፈጽሞ ይራቅ ብሎ ከማዶ፣ ትክክል ከፊት ለፊቱ ካለው ጠርዝ ላይ ነው ያሰረው። ሞተሩ ተነሣ። አግዳሚው ጭጭ አለ! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ከአደጋው በኋላ ወለቃ የቀረው ሀዳነ ይህን ሲነግሩት መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳ። ሞኞቹ እሱ የለመነውን ብረት ሳያውቁት አስቀመጡለት! ኋላ ግን ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ክታቡ ሠራ ማለት፣ ቡዳው እሱ ነው ማለት ነው። ከእንግዲህ ምን ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ወዲያው ሰጠኝ ዘመዶቹን አስከትሎ፣ ዱላውን ይዞ ወለቃ መጣ።

“አንተ ቀጥቃጭ! ዓይንህ ተቆልፏል። አሁን እህቴን ልቀቃት። ና ተፋባት።”

“እህትህን የመታት ሳንቃ ነው” አለ ሀዳነ ከወናፉ ሳይነሣ። “ወጌሻ ይያት።”

“ወጌሻማ አይቷታል፤ ትከሻዋን መልሶታል። ትኩሳቱ ነው እምቢ ያለ። ተፋባት ብዬሃለሁ!”

“አልተፋም።”

“ብትሞትስ?”

“ብትሞት አለቅሳለሁ፤ የሰው ልጅ ናት። መትፋቱን ግን አልተፋም።”

ሰጠኝ ዱላውን መሬት ላይ ወጋ። “ስማ! እህቴ የሞተች እንደሆነ ይችን መንደራችሁን ከነጎጆዋ ነው የማነዳት። የጦስ ዶሮ እንኳ አላስቀርላችሁም!”

እንኳየሁ ከጓዳ ወጥታ የባሏን ነጠላ ያዘች። ዕንባዋ ፈስሷል። “ምነው ሀዳነ? ምነው? ለእኛ ስትል ተፋና እንገላገል። ምራቅ እኮ ናት!”

“አባቴም ለእኛ ሲል ነበር የተፋው” አላት። እሷም ነጠላውን ለቀቀችው። ሀዳነም ተነሥቶ ሰጠኝ ፊት ቆመ። “እኔን ለመግደል አትቸኩል፤ የትም አልሄድብህም። አሁን ከኔ ጋር ወፍጮ ቤት ና። ደብተራውንም ጥራው። የማሳይህን አይተህ እህቴን የመታት ያንተ ዓይን ነው ካልከኝ፣ እዚያው ምታኝ።”

ሰጠኝ ዘመዶቹን አየ። “እሺ፤ አሁኑኑ!” አለ።

ሲደርሱ ቀትር ነበር፤ ሞተሩ ጠፍቶ ብሩኖ ምሳውን በልቶ ተኝቷል። ሠራተኛው ጉድ ሊያይ ግር ብሎ ገባ። ሀዳነ ቺንጋውን አወለቀ፤ ጓጉንቸሩንና ክታቡን ፈትቶ ለደብተራው አስያዘውና እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ።

“እኔ አልነካም። ሰጠኝ፣ አንተ አዙረው።”

ሰጠኝ ገፋው። መዘውሩ ዞረ፣ ዘገየ፣ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አለና ቆመ። የተጠገነው ጎን ወደ ታች ሆነ። “ድገመው።” ደገመው፤ አሁንም የተጠገነው ጎን ወደ ታች። አንዱ ዘመድ አላመነም፤ እሱም በኃይል አሽከረከረው። ያው ነው።

“ከባድ ነገር ወደ ታች ይወድቃል” አለ ሀዳነ። “ይህን ለማወቅ ቡዳ መሆን አያሻም። አሁን ጓጉንቸሩን ብቻውን ከነበረበት እሰሩት። ክታቡ ከደብተራው ኪስ ይቆይ።”

አሰሩት። ሰጠኝ መዘውሩን ገፋው፤ የትም ቢያቆሙት እዚያው ይቆማል፤ ወደ ታች የሚያዘነብል ጎን የለውም። ሰዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ደብተራው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። “ጓጉንቸሩም እኮ ጸሎት ተደግሞበታል!” ብሎ ጮኸ።

“ሸጋ!” አለ ሀዳነ፤ ይህችንም ይጠብቃት ነበር። “እንግዲያስ ክታቡንም ጓጉንቸሩንም አምጣና እኔ የጠገንኩት ብረት ላይ እሰራቸው። ቡዳው የተቀመጠው እዚያ አይደል? ምን ከሩቅ ያስፈራራሃል? እራሱ ላይ ቆልፈው!”

ሕዝቡ “እውነቱን ነው! እሰረው!” አለ። ደብተራው መውጫ አጣና አሰረው። ሀዳነ ቺንጋውን መለሰ፣ ወደ ዳሱ ወጣ፣ ብሩኖ ሲያደርግ እንዳየው ሞተሩን በእጅ አዙሮ አስነሣና ለቀቀው። ተመልሶም ከአግዳሚው ሥር፣ አመለወርቅ ከተመታችበት ቦታ ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎንደር ለብዙ ጊዜ አወራው። አግዳሚው ዘለለ። እንደዚያ ቀን አይደለም፤ ከዚያ የባሰ! ግድግዳው አቧራ ተፋ፣ ወንፊቶቹ ከተሰቀሉበት ረገፉ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ጮኸ። ሰዉ እግሬ አውጪኝ ብሎ በሩን አጨናነቀው፤ ደብተራው ሻሹን ጥሎ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ሀዳነ ብቻ ቀረ። ጭቃ ራሱ ላይ እየዘነበ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይጮህ ነበር።

“የቆለፋችሁት ቡዳ የታለ? ክታባችሁ ምነው ዛሬ ቡዳ ሆነ? ኑ እንጂ! ኑና ተፉበት!”

ብሩኖ ሱሪውን እንደያዘ እየሮጠ መጥቶ ሞተሩን አጠፋው። ኩርባጁን አነሣና ሀዳነን ፊቱ ላይ ሸነተረው። ሀዳነ አልተነቃነቀም፤ ደሙን እንኳ አልጠረገም። መዘውሩን አሳየውና “ብረት” አለ። ብሩኖ አሁንም መታው። “ብረት” አለ ሀዳነ። ብሩኖ መዘውሩን አየ፣ የታሰረውን ጓጉንቸር አየ፣ በበሩ የሚያዩትን ሰዎች አየ። ከዚያ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ከፈተና፣ ለምሽግ ነው ያለውን ብረት ራሱ አውጥቶ ከሀዳነ እግር ሥር ወረወረው።  

ሀዳነ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ብረቱን ቀጥቅጦ ከጥገናው ፊት ለፊት አሰረው። መዘውሩ ያለ ክታብ፣ ያለ ጓጉንቸር ዞረ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠች ዝንብ እንኳ አልበረረችም።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎት ነበር። ፊቱን ታጥቦ ወደ ወለቃ ሊሄድ ሲል ሰጠኝ መንገድ ላይ ጠበቀው። ዱላው በእጁ የለም። ድምፁም ሌላ ሆኗል።

“አያ ሀዳነ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እውነትህን ነው። ሰደብኩህ፣ ይቅር በለኝ። ግን አያ ሀዳነ፣ ትኩሳቱ አሁንም አለቀቃትም። ለማንኛውም አንድ ጊዜ ብቻ እትፍ ብትልባት ምን ይጎዳሃል?”

ሀዳነ ከኩርባጁ ይልቅ ይህች አመመችው። ያ ሁሉ አግዳሚ ተናውጦ፣ ያ ሁሉ ጭቃ ረግፎ፣ ለማንኛውም! በቁጣ ቢመጣበት ኖሮ ይመልስለት ነበር፤ በልመና ለመጣ ሰው ምን ይመልሳል?

“እመጣለሁ” አለ። “ላያት እመጣለሁ። ልተፋ አይደለም።”

አመለወርቅ የተኛችበት ቤት በሰው ተሞልቷል። ሀዳነ ሕጉ ከክርስቲያን ቤት ገብቶ ከሰው ጋር መነካካትን ስለማይፈቅድለት ደጃፉ ላይ ቆመ። ሰዎቹ መንገድ ከፈቱለት፤ ሁሉም አፉን አፉን ያየዋል። ደብተራው ከውስጥ ሆኖ፣ የቀኑን ውርደት ሊያካክስ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቆ ከልጅቱ አፍንጫ ላይ ይዞ ይጮኻል።

“ተናገር! ማን ነህ? ማን ነህ የበላሃት? ስምህን ጥራ!”

“አንሣ ይህን ከፊቴ” አለች አመለወርቅ። ድምፅዋ ደክሟል፤ ዓይኖቿ ግን የነቃ ሰው ዓይኖች ነበሩ። ከተመታች ጀምሮ ሁሉም በላይዋ ሲጮህ ቆየ እንጂ፣ እሷን እንደ ሰው ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። “የበላኝን ልንገራችሁ?”

“ተናገሪ! ስሙን ጥሪው!” አለ ደብተራው። ሰጠኝ ወደ ሀዳነ ዞረ።

“ብሩኖ ነው።”

“ማን?”

“ብሩኖ! እኚህ ሰውዬ ብረት ልጨምር ብለው እጃቸውን ዘርግተው ሲለምኑት ከቆጡ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። እምቢ ብሎ ሞተሩን ያስነሣው እሱ ነው። ትከሻዬን ያወለቀውም፣ ትኩሳቱን ያመጣብኝም እሱ ነው። መትፋት ያድናታል ካላችሁ ሂዱና ብሩኖን ጎትታችሁ አምጡት። መጥቶ ይትፋብኝ።”

 ደብተራው ሽንኩርቱን በመዳፉ ሸሸገ። ዘመዶቹ እርስ በርስ መተያየት አፍረው መሬት መሬት አዩ። ሀዳነ በደጃፉ እንደቆመ አንድ በአንድ ተመለከታቸው፤ የተሸነተረው ፊቱ አብጧል።

“ምነው ቆማችሁ?” አለ። “ወለቃ ድረስ ዱላ ይዛችሁ ስትመጡ መንገዱ አልጠፋችሁም ነበር። የሱማ ቤት እዚሁ ነው።”

ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።